በሩ የሚንኳኳው ሱቅ

ሄስተር ፖምፍሬት ሱቅ ከፍታ ሰባት ወር ሙሉ አንድ ማንኪያ እንኳ ያልሸጠችው ሰነፍ ስለሆነች አይደለም። ዕቃዋም እንከን አልነበረበትም። ጥፋቱ የኛው የፔንቸስተር ሰዎች ነው፤ ግማሹ ደግሞ የራሷ። እኛ ከተማ ይሉኝታ የሌለው ሰው ከተፈለገ ባቡር ጣቢያው አካባቢ አንድ ሁለት አይጠፉም፤ እነሱም ከለንደን የመጡ ናቸው።

ሄስተር ወደ ስልሳው የተጠጋች፣ አጠር ያለች፣ ጉንጯ ቀላ ያለ፣ በጋ ከክረምት ሹራብ የማይለያት ሴት ናት። ዕድሜዋን የጨረሰችው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጸሐፊነት ነው። ሥራዋ በር መክፈት፣ ስልክ ማንሳትና ይቅርታ መጠየቅ ነበር፤ በተለይ ሦስተኛውን ተክናበት ነበር። በር ሲገጫት በሩን ይቅርታ ትጠይቀዋለች። አንድ ጊዜ የጥርስ ሐኪሙ የታመመውን ትቶ ጤነኛውን ቢነቅልባት፣ "የኔ ጥፋት ነው፤ አፌን በደንብ አልከፈትኩልዎትም" ብላው ወጣች። ሐኪሙም እሺ ብሎ ተቀበላት።

ሱቁ ያለበት ቤት የሚገኘው ኒድልጌት በሚባለው መንገድ ላይ ነው። ሰዎች ሰው ሠራሽ ጸጉር ደፍተው በሚሄዱበት ዘመን የተሠራ፣ ጠባብ፣ ባለ ሦስት ፎቅ የቀይ ጡብ ቤት ነው። በሩ ጥቁር ነው፤ በሩ ላይ የዓሣ ቅርጽ ያለው የነሐስ ማንኳኪያ አለ። አንደኛው መስኮት በጡብ ተደፍኗል፤ ያኔ መንግሥት በመስኮት ቁጥር ግብር ሲጥል ባለቤቱ ከሚከፍል ጨለማ ውስጥ ቢቀመጥ መርጦ ነው። ወለሉ ደግሞ አዝምሟል። ክብ ነገር ከእጅህ ካመለጠ ክፍሉን አቋርጦ፣ ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ከተሠራው ትልቅ ቁም ሣጥን ሥር ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያየው የለም። ቁም ሣጥኑም እንደ ቤቱ ጥንታዊ ቅርስ ስለሆነ መነካት አይችልም።

ድሮ የአንድ ዶክተር ቤት ነበር። የሄስተር እናት የዶክተሩን ቤት ልብስ ታጥብ ነበርና ሄስተርም በልጅነቷ ቀሚሷን ይዛ ትከተላት ነበር። የሚገቡት ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ባለው የምድር ቤት በር ነው። ጥቁሩን በር ከውጭ እንጂ ከውስጥ አይታው አታውቅም።

"እማዬ፣ በዚያኛው ለምን አንገባም?" ብላ ጠየቀች አንድ ቀን።

"እሱ የእንግዳ በር ነው" አለቻት እናቷ፤ ቅርጫቱን ይዛ ወደ ታች ወረደች።

እንግዲህ ሄስተር ጡረታ በወጣች ሰሞን ቤቱ "ለሱቅነት ብቻ ይከራያል" ሲባል ብትሰማ ልቧ ዘለለ። ማሰብ የለ፣ ማማከር የለ፣ ሄዳ ተከራየችው። የጥቁሩን በር ቁልፍ በክር አድርጋ አንገቷ ላይ አንጠለጠለችው። የእጅ መዳፍ የሚሞላ ከባድ ብረት ነው፤ ስትሄድ ደረቷን ይመታታል። ስትተኛም አታወልቀውም ነበር ይባላል፤ ይህን ያወራችው ሚስስ ዊጀሪ ናት፤ ሚስስ ዊጀሪ ደግሞ ያላየችውንም ታውቃለች።

መጀመሪያ የመጣው ሰው ገዢ አይደለም፤ የማዘጋጃ ቤቱ የጥንት ቤቶች ሹም ሚስተር ክራምፕተን ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጃንጥላ ከእጁ የማይጠፋ፣ ክፉ ያልሆነ ግን "ክልክል" የምትለዋን ቃል ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ ሰው ነው።

"በሩን በመስታወት ብቀይረውስ?" አለች ሄስተር።

"ክልክል ነው።"

"ማንኳኪያውን ባነሳውስ?"

"ማንኳኪያውን!" አለ፤ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"እሺ ሰሌዳስ? ሱቅ መሆኑ እንዲታወቅ..."

ሚስተር ክራምፕተን ብዙ አሰበ። በመጨረሻ የመጫወቻ ካርታ የምታህል አንዲት የነሐስ ሰሌዳ ከበሩ ጎን ፈቀደላት። "ፖምፍሬት" የሚለው ጎላ ብሎ፣ ከሥሩ "የቤት ዕቃ መሸጫ" የሚለው ደግሞ "ቤቱ ላይ እንዳይጮህበት" ደቀቅ ብሎ እንዲጻፍ አዘዘ። ልኩን ሊስል ሲል ብዕሩ ከእጁ አመለጠና እየተንከባለለ ቁም ሣጥኑ ሥር ገባ።

"ወይኔ! ይቅርታ! ላውጣልዎት!" አለች ሄስተር።

"ተዪው፣ ተዪው፣ ምንም አይደል፤ ሌላ አለኝ" አለ። ሌላ አልነበረውም። ልኩን በጣቱ አሳይቷት ሄደ።

በጸደይ መግቢያ ሱቁ ተከፈተ። ሄስተር ዕቃዋን እንደ ሱቅ ልደርድር ብትልም ክፍሎቹ እምቢ አሏት፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ መመገቢያ ሆነው ነው የተሠሩት። ወንበሮቹ ምድጃውን ከበቡ፤ ሲኒዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ፤ መጋረጃው ተሰቀለ። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ዋጋው የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን በክር አንጠለጠለችበት። በሩን ገርበብ አድርጋ ቆማ ጠበቀች። ነፋስ መጣና በሩን ድርግም አደረገው።

ብዙም ሳይቆይ ተንኳኳ።

ከማዶ ያለችው ሚስስ ዊጀሪ ናት። ሰሞኑን ወንበርና ጠረጴዛ ሲገባ በመስኮቷ ስታይ ከርማለች። ዕቃ ከገባ ሰው ገባ ማለት ነው፤ በኛ ሰፈር ደግሞ አዲስ ሰው ከገባ ኬክ ይወሰድለታል።

"እንኳን ደህና መጣሽ የኔ ውድ! ዊጀሪ እባላለሁ፣ ከማዶ ነኝ። የሎሚ ኬክ ነው። መሃሉ ትንሽ ሰምጧል፤ አትታዘቢኝ።"

እስቲ ፍረዱ። ኬክ ይዞ ደጅ የቆመ ሰው "በራድ ይገዛሉ?" ይባላል?

"ኧረ ለምን ተቸገሩ! ይግቡ፣ ይግቡ!" አለች ሄስተር።

ሚስስ ዊጀሪ ጫማዋን ጠርጋ ገባችና ተቀመጠች። ዓይኗ ከወንበሩ ክንድ ላይ በተንጠለጠለችው ካርቶን ላይ አረፈ። ሰው ሸሚዝ ለብሶ ምልክቱ ከአንገቱ ላይ ብቅ ቢል ምን ይደረጋል? ሳያፍር በፊት ቀስ ብሎ መክተት ነው። ሚስስ ዊጀሪም ያንኑ አደረገች። ዓይኗን ወደ ጣሪያው ሰቅላ፣ "ጣሪያው እንዴት ያምራል!" እያለች በጣቷ ካርቶኗን መከዳው ሥር ወሸቀቻት። ሄስተር አየቻት።

"ሲኒዎችሽስ! ምን የመሰሉ ሲኒዎች ናቸው!"

በቃ፣ ሰዓቱ ይሄ ነበር። "ይሸጣሉ" ማለት ብቻ ነው የቀራት። ነገር ግን እኛ ዘንድ ሰው ዕቃህን ሲያደንቅ ዕቃህን ታራክሳለህ፤ አለዚያ ጉረኛ ተብለህ መቃብር ትወርዳለህ።

"ኧረ ይሄ? ይሄማ አሮጌ ነው፤ አንዱ ጠርዙ ተሸርፏል" አለች ሄስተር።

ሲኒዎቹ አዲስ ናቸው፤ የተሸረፈም የለም። በዚያው በአዲሱ በራድ ሻይ አፍልታ ሰጠቻት።

በሳምንቱ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተራ በተራ እያንኳኳ ገባ። ማርማላታ ያመጣ አለ፣ አበባ ያመጣ አለ፣ የልብስ ስፌት መኪናዋን ያመጣች አለች፤ ለምን እንዳመጣቻት እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሁሉም ጫማውን እየጠረገ ይገባል፤ ሁሉም ካርቶን ካየ ይወሽቃል። ሄስተር ጠዋት ጠዋት ካርቶኖቹን እያወጣች ታንጠለጥላለች፤ ማታ ማታ አንድም አይታይም። መስኮት ላይ አንድ ያማረ በራድ ብታስቀምጥ ሚስስ ዊጀሪ አንኳኩታ፣ "ሊደርቅ ያስቀመጥሽው በራድ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ብዬ ነው" ብላ አነሳችላት።

ከሁሉ የማይቀሩት ሚስተር ኦብሪ ስኔል ናቸው። ጡረታ የወጡ መነጽር ሠሪ ናቸው፤ የከተማውን ሰው ሁሉ ግድግዳ ላይ ፊደል ሲያስቆጥሩ የኖሩ። ሚስታቸው ከሞተች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት ይመጣሉ፤ ያንኳኳሉ፤ ምድጃው አጠገብ ባለው አረንጓዴ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

"ሊዘንብ ነው መሰለኝ" ይላሉ።

"ይመስላል" ትላለች ሄስተር።

ከዘነበ ደግሞ "ዘነበ" ይላሉ፤ እሷም "ዘነበ እኮ" ትላለች። ከዚህ ሌላ ብዙም አያወሩም። ግን ሁለቱም ደስ እያላቸው ይውላሉ። በበጋው መጨረሻ ሚስተር ስኔል ከጓሮአቸው ዝኩኒ ማምጣት ጀመሩ። እያንዳንዱ ዝኩኒ የሕፃን ልጅ ቁመት ነበረው። ሄስተር እምቢ ማለት ስለማትችል ደረጃው ላይ፣ መስኮቱ ላይ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደረደረችው። ያኔ ያላወቀ ሰው ቢገባ የዝኩኒ ሱቅ ነው ይል ነበር፤ እሱ እንኳ ባለ።

ደግሞ አልሞከረችም አይባልም። የሚሸጠው መስታወት ፊት ቆማ "ይህ የሚሸጥ ነው" እያለች ተለማምዳለች። ለመስታወቱ ስትናገር አፏን ሞልታ ነው። ሰው ፊት ስትሆን ነው ጉዱ።

"ሚስስ ዊጀሪ፣ ይሄ በራድ እኮ..."

"እ? ምን ሆነ?"

"ይሄ በራድ... የሚ..."

"ያፈሳል እንዴ?"

"አይ፣ አያፈስም። ልድገምልዎት ወይ ልል ነው።"

ደገመችላት።

በመኸሩ ስልክ ተደወለ። ሚስተር ክራምፕተን ነው።

"ሚስ ፖምፍሬት፣ ይቅርታ ላስቸግርሽ ነው። ያ ቤት የተፈቀደው ለሱቅነት ነው። ሱቅ ሆኖ እየሠራ ካልሆነ ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ቁልፉንም ለባለቤቱ መመለስ ይኖርብሻል። ዓርብ ከሰዓት መጥቼ አያለሁ፤ የሚያስቸግርሽ ካልሆነ።"

"ኧረ ምንም አያስቸግረኝም!" አለች ሄስተር፤ ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ተናፍጣ ሚስስ ዊጀሪን፣ ሚስተር ስኔልንና ሌሎች ጎረቤቶችን ለዓርብ ጠራቻቸው። ሀሳቧ ቀላል ነበር። ሚስተር ክራምፕተን ከመድረሱ በፊት እውነቱን ትነግራቸዋለች፤ አንዱ አንድ ነገር ይገዛል፤ አለቀ።

ዓርብ ዝናቡ ይወርዳል። ሁሉም መጡ፤ ሁሉም ካርቶናቸውን ወሸቁ፤ ሻይ ተቀዳ። ሄስተር ሦስት ጊዜ ያህል ጉሮሮዋን ጠረገች፤ የጉሮሮ ከረሜላ ተሰጣት። አራተኛውን ልትጠርግ ስትል በሩ ተንኳኳ።

ሚስተር ክራምፕተን ነበር። ሱቅ ሊመረምር የመጣ ሰው ራሱ አንኳኳ፤ ጫማውንም ጠረገ። ባዶ እጁን መምጣት ስላልሆነለት አንድ ጥቅል ብስኩት ይዟል። ሚስስ ዊጀሪ ቦታ ለቀቀችለት፤ ሲኒ ተሰጠው፤ ስለ ዝናቡም የሚገባው ሁሉ ተባለ። ከዚያ ወደ ሄስተር ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣

"ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እነዚህ ደንበኞችሽ ናቸው?" አላት።

የሚስስ ዊጀሪ ጆሮ ግድግዳ አያግደውም። "ደንበኞች? የምን ደንበኞች?" አለች።

ሁሉም ወደ ሄስተር ዞሩ። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እጇ ሳታስበው አንገቷ ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄደ፤ ያዘችው። የምድር ቤቱ ደረጃ ትዝ አላት፤ እርጥበቱ፣ የሳሙናው ሽታ፣ የእናቷ ጀርባ።

"ሱቅ ነው" አለች።

"ምን አልሽ የኔ ውድ?"

"ሱቅ ነው። የተቀመጣችሁበት፣ የያዛችሁት፣ ሁሉም የሚሸጥ ነው። ከመጀመሪያውም። ይቅርታ።"

ሚስስ ዊጀሪ የያዘችውን ሲኒ አየችው፤ ማስቀመጥም አልቻለች፣ መያዝም አልቻለች።

"ሰባት ወር ሙሉ በሰው ንግድ ሻይ ስጠጣ!" አለች።

አንዱ ጎረቤት በርጩማ ላይ ነበርና እሳት የነካው ይመስል ብድግ አለ። ሶፋው ላይ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ የወሰደው ሌላኛው ደግሞ አንኮራፍቶ እንደሆነ ጠየቀ፤ አንኮራፍቶ ነበር፤ ማንም አልነገረውም። ከዚያ የይቅርታ ጎርፍ ወረደ። እነሱ ሄስተርን ይቅርታ ጠየቁ፤ ሄስተር እነሱን ይቅርታ ስላስጠየቀች ይቅርታ ጠየቀች፤ ሚስተር ክራምፕተን ጥያቄውን በማንሳቱ ሁሉንም ይቅርታ ጠየቀ። የልብስ ስፌት መኪና ያመጣችው ሴት ምን እንዳጠፋች ባይገባትም እሷም ጠየቀች።

ሁሉም ይቅርታ ጠየቀ እንጂ ዋጋ የጠየቀ የለም። ሻይ የጋበዘችህን ሴት ሳሎኗ ውስጥ ቁጭ ብለህ "ይሄ ስንት ነው?" ማለት እኛ ዘንድ "ዕድሜሽ ስንት ነው?" ከማለት ይከፋል። አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

ሚስተር ክራምፕተን ሲኒውን አስቀመጠ። "እጅግ አዝናለሁ ሚስ ፖምፍሬት። እኔ ያየሁት የሻይ ግብዣ ነው፤ ደግሞም ጥሩ ግብዣ። ግን ሲሸጥበት ያላየሁትን ቤት ሱቅ ነው ብዬ ልመሰክር አልችልም። ከውጭም ቢሆን ሱቅ መሆኑን የሚያሳውቅ ነገር የለውም።"

ይህን ያለው ሰሌዳዋን ያሳነሰባት ሰው መሆኑን ልብ በሉ። እኔ ብሆን ዝኩኒ አንስቼ እለው ነበር። ሄስተር ግን "ልክ ነዎት" አለችና ቁልፉን ልታወልቅ ክሩን ወደ ላይ ሳበች። ክሩ ጆሮዋ ላይ ተያዘ። ሳበችው፤ መነጽሯ ወደቀ። ጎንበስ ብላ ስትፈልግ እንባዋም አብሮ ወረደ።

"ይሄ ወንበር ስንት ነው?"

ሚስተር ስኔል ናቸው። ከተቀመጡበት አልተነሱም። ሚስስ ዊጀሪ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

"የ... የትኛው?" አለች ሄስተር ከወለሉ ላይ።

"የተቀመጥኩበት።"

"ኧረ እሱ! እሱ እኮ አሮጌ ነው፤ ትንሽም ያዘነብላል..."

"ሚስ ፖምፍሬት! እንዲያጣጥሉልኝ አልለመንኩም። ዋጋውን ነው የጠየቅኩት።"

ተነስታ ቆመች። መነጽሯን አደረገች። ከወንበሩ መከዳ ሥር የተወሸቀችውን ካርቶን አወጣችና አነበበች፤ ራሷ የጻፈችው ነው።

"ሃምሳ አንድ ፓውንድ" አለች። ይቅርታ አላለችም።

ሚስተር ስኔል ከኪሳቸው አንድ የሃምሳ ኖትና አንድ ሳንቲም አወጡ። ሳንቲሙ ግን ከጣታቸው አመለጣቸው። እንደ ወጉ ወለሉን አቋርጦ ተንከባለለ፤ የሚስስ ዊጀሪን እግር ዞሮ ቁም ሣጥኑ ሥር ገባ።

"ሽያጩ ሳይከፈል አላለቀም" አለ ሚስተር ክራምፕተን፤ ክፋት አይደለም፣ ልማዱ ነው።

ይህን ጊዜ ፔንቸስተር ይሉኝታውን ጣለ። ሁሉም በጉልበቱ ተንበረከከ። ሚስስ ዊጀሪ ደረቷን ወለል ላይ ለጥፋ "ይታየኛል! ይታየኛል! ወደ ግራ!" ትላለች። ሚስተር ክራምፕተን ራሱ ኮቱን አውልቆ በሆዱ ተኛና ጃንጥላውን ወደ ሥሩ ሰደደ። መጀመሪያ የደረቀ የዋልኑት ፍሬ ወጣ፤ ቀጥሎ የዶክተሩ ሚስት የነበረ ሳይሆን የማይቀር የስፌት ጣት መከላከያ፤ ከዚያ አንድ ብዕር።

"ብዕሬ!" አለ ሚስተር ክራምፕተን፤ ድምፁ ተሰበረ።

በመጨረሻ ሳንቲሙ ወጣ። አቧራውን በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎ ለሄስተር ሰጣት፤ ከዚያ ቆሞ ጉልበቱን አራገፈ።

"ሱቅ ነው" አለ። ሊጽፍ ሲል ብዕሩ ደርቆ እምቢ አለው፤ የሚስስ ዊጀሪን ተዋሰ።

ከዚያ ወዲያ ግድቡ ፈረሰ። ሚስስ ዊጀሪ ወደ ሄስተር ጆሮ ጠጋ ብላ፣ ሰው መጸዳጃ ቤት የት እንደሆነ በሚጠይቅበት ድምፅ፣ "ሲኒዎቹ... ስንት... አይ ተዪው... ግን ስንት?" አለቻት። ስድስቱንም ወሰደች፤ የተሸረፈው የትኛው እንደሆነ ብትፈልግ አጣችው። አንኮራፊው ሶፋውን ገዛ፤ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ሚስተር ክራምፕተን በራዱን ይዞ ወጣ፤ በሩ ላይ ቆሞ "ሰሌዳው ምናልባት ትንሽ ሰፋ ቢል... አስብበታለሁ" አለ።

ሁሉም ሲሄዱ ሚስተር ስኔል ቀሩ። አረንጓዴው ወንበራቸው ላይ ናቸው።

"ነገ በመኪና ላስልክልዎት" አለች ሄስተር። "የት ይሁን?"

"የት ይላካል? እዚሁ ይሁን እንጂ።"

"ገዝተውታል እኮ።"

"ቤቴ ወንበር ሞልቷል፤ ሁለት ሁለት እየሆነ" አሉ። "ሁለተኛውን ማየት ነው የሚከብደኝ።"

ሄስተር አጠገባቸው ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

"ያቺን ሰሌዳ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ነው ያነበብኳት" አሉ ሚስተር ስኔል። "ደቃቋን። የዕድሜ ልክ ሥራዬ አይደል?"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ሰባት ወር ሙሉ ስሰቃይ!"

"ሱቅ ከሆነ እኮ ማንኪያ ገዝቼ መውጣት ነበረብኝ። ቤት ከሆነ ግን ቁጭ እላለሁ።" ቀና ብለው አዩዋት። "ራስ ወዳድ ሆንኩብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ሕይወቷን ሙሉ ይቅርታ ስትጠይቅ የኖረች ሴት ሲጠየቁ የሚባለው ጠፋት። "እንግዲያው ሻይ ልድገምልዎት" ብላ ተነሳች፤ በራዱ መሸጡ ትዝ ያላት ከተነሳች በኋላ ነው። በድስት አፈላችው።

ዛሬ ሱቁ ይሠራል። ሰው አሁንም ያንኳኳል፤ ጫማውን ይጠርጋል፤ ኬክ የሚያመጣም አልጠፋም። ዋጋ የሚጠየቀው በሹክሹክታ ነው። ሄስተር ጥቁሩን በር በቁልፏ ጠዋት ትከፍታለች፤ ማታ ትዘጋለች፤ የምድር ቤቱን በር ደግሞ የዝኩኒ ማስቀመጫ አድርጋዋለች።

አረንጓዴው ወንበር ላይ "ተሸጧል" የሚል ካርቶን አንጠልጥላበታለች፤ ብዙ ሰው ይፈልገው ነበርና። ከሽያጩ በኋላ በነበረው ማክሰኞ ሚስተር ስኔል መጡና አንኳኩ።

"ሱቅ እኮ ነው፤ ዝም ብለው ይግቡ" አለቻቸው በሩን ከፍታ።

"ሱቅ መሆኑንማ አውቃለሁ" አሉና ጫማቸውን ጠረጉ። ወደ ወንበራቸው ሄደው ካርቶኗን አዩዋት፤ ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው ሰቅለው በጣታቸው መከዳው ሥር ወሸቋትና ተቀመጡ።

"ሊዘንብ ነው መሰለኝ" አሉ።